መድኃኒት እየተወሰደ ድባቴ ሲያገረሽ



በሚዛን፣ በቴፒ፣ በበበቃና በዙሪያው ባለው የቡና አገር አንድ ጥያቄ አለ። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ሰው ሲበተን ጠብቆ፣ ኢማሙን ወይም ኡስታዙን ለብቻው ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ የሚጠየቅ ነው። «ክኒኑን አላቋረጥኩም። ደህና ሆኜ ሥራዬንም ጀምሬ ነበር። አሁን ግን ያው ነገር ተመለሰብኝ። ምን ጎደለብኝ?» የሚል።

ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መልሱን ከሌሎች ሰምቶ ነው የሚመጣው። አንዱ «መድኃኒቱ ድሮም አይሠራም፤ ተወው» ብሎታል። ሌላው «ኢማንህ ስለደከመ ነው» ብሎታል። ሦስተኛው ደግሞ «ይኼ ሲሕር ነው፤ የሐኪም ጉዳይ አይደለም» ብሎ የሰው ስም ሳይቀር ጠርቶለታል። ሦስቱም መልሶች በሽተኛውን ወደ አንድ ቦታ ይወስዱታል፤ ክኒኑን ወደመጣል። ይህ ጽሑፍ የሐኪምን ምክር አይተካም፤ እኔም ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ላይ በጥናት የታወቀው ነገር በአካባቢያችን ከሚነገረው በጣም የተለየ ስለሆነ፣ ቁጭ ብሎ ማስረዳቱ ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። ድባቴ የምንለው ሕመም ድብርት አይደለም። ድብርት ሰው ሥራ ሲፈታና ዝናብ ቤት ሲያስቀምጠው የሚመጣ፣ ጓደኛ ሲመጣ የሚጠፋ ስሜት ነው። ድባቴ ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሰው ጋር የሚቆይ ነው። እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ጉልበትንና ተስፋን ይነካል፤ ሰው ይወደው ከነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙን ይወስዳል። ራሱን በበደለኛነት የሚከስስበት፣ አንዳንዴም ሞትን የሚመኝበት ደረጃ ላይ ያደርሰዋል። በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰውነት በኩል ይናገራል። ራስ ምታት፣ የልብ መምታት፣ የጀርባ ማቃጠልና የጉልበት መክዳት ሆኖ ስለሚታይ ሰው ለታይፎይድና ለጨጓራ ሲታከም ከርሞ ነው ወደ አእምሮ ሐኪም የሚደርሰው።

አሁን ወደ ጥያቄው። መድኃኒት እየተወሰደ ድባቴ ሊያገረሽ ይችላል ወይ? አዎ፣ ይችላል፤ ብርቅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ አገር ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ነበር። ከዘጠኝ ወር በላይ ፀረ ድባቴ መድኃኒት ሲወስዱ የቆዩና መድኃኒቱን ለማቆም ያሰቡ፣ ጤንነት የተሰማቸው 478 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ እንደነበሩ ቀጠሉ፤ ግማሾቹ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ አቆሙ። በ52 ሳምንት ውስጥ ካቆሙት 56 በመቶ ያህሉ አገረሸባቸው። ከቀጠሉትስ? 39 በመቶ። መድኃኒቱን በአግባቡ ከቀጠሉት ከአሥር ሰዎች ወደ አራት የሚጠጉት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙን እንደገና አይተውታል ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ዓይነት ያነበዋል። አንዱ «ይኸው፣ አይሠራም» ይላል። ነገር ግን ያቆሙት የበለጠ ተጎድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሌላ ሥራ 31 ጥናቶችን በአንድ ላይ መርምሮ ነበር። መድኃኒቱን ከቀጠሉት ያገረሸባቸው 18 በመቶ ሲሆኑ፣ በመድኃኒቱ ፋንታ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው ግን 41 በመቶ ነበሩ። የቡና ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የጥላ ዛፍ የፀሐይን ብርታት ይቀንሳል እንጂ ፀሐይን አያጠፋም። በደረቅ ዓመት ከጥላ ሥር ያለውም ቡና ይጠወልጋል፤ ይህን አይቶ ግን የጥላውን ዛፍ የሚቆርጥ ገበሬ የለም።

ስለዚህ «አገረሸብኝ» ያለ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን ምን አደረገብኝ?» መሆን የለበትም። «በምን ምክንያት ሊሆን ይችላል?» የሚለው ይሻላል። በአካባቢያችን ደግሞ ምክንያቶቹ ብዙዎቹ በቅርብ የሚታዩ ናቸው።

ከሁሉ በፊት መድኃኒቱ በእርግጥ በታዘዘው ልክ ወደ ሆድ ገብቷል ወይ? ይህን ስንጠይቅ በሽተኛውን ውሸታም ለማለት አይደለም። ክረምት ሲገባ ከገጠር ቀበሌ ወደ ሚዛን ወይም ወደ ቴፒ የሚያመጣው መንገድ ይጨቀያል፤ ክኒኑ ያልቃል፤ ሰውየው «ለቀጠሮዬ ያድርሰኝ» ብሎ በየቀኑ የነበረውን በሁለት ቀን አንድ ያደርገዋል። ቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ገና ሳይነጋ ማሳ የሚወርድ ሰው ከቤት ርቆ ያድራል፤ ክኒኑ ቤት ይቀራል። ሰኔና ሐምሌ ላይ የቡናው ብር አልቆ አዲሱ ገና ስላልደረሰ፣ መድኃኒት ከጤፍና ከዘይት ጋር ይወዳደራል። ፋርማሲው «ያ የለም፣ ይኼን ውሰድ» ብሎ ሌላ መጠን ያለው ክኒን ሲሰጥም የሚፈጠር መምታታት አለ። ከእነዚህ አንዱ ሆኖ ከሆነ ለሐኪሙ ሳያፍሩ መንገር ያስፈልጋል። ሐኪሙ «በትክክል ወስዷል» ብሎ ካመነ፣ ሳያስፈልግ ወደ ከባድ መድኃኒት ሊሄድ ይችላል።

እዚህ ላይ የሚምታታ አንድ ነገር አለ። ክኒኑን በድንገት ያቆመ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዱም በጭንቅላቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ንዝረት የመሰለ ነገር ይሰማዋል። ይህ መድኃኒቱ በመቋረጡ የሚመጣ ነው። ያገረሸ ድባቴ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚገባው። መቼ እንደጀመረ ማስታወስ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

ሁለተኛው፣ ሰውነት ነው። የምንኖረው ወባ በሚመላለስበት ቆላ ነው። ወባ የደጋገመበትና ደሙ ያነሰ ሰው ጉልበት ያጣል፣ ይተክዛል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስም ከድባቴ ጋር የሚመሳሰል ሕመም ያመጣል። ድካም፣ የእንቅልፍ ብዛት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የክብደት መጨመር ሲደመሩ በደም ምርመራ መታየት አለበት። የሌላ ሕመም መድኃኒትም ጉዳይ ነው። አንዳንድ የሳንባ ነቀርሳ፣ የወባና የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ከፀረ ድባቴ መድኃኒት ጋር ይነካካሉ፤ ወይ ኃይሉን ይቀንሳሉ፣ ወይ ጉዳቱን ያበዛሉ፣ ወይም ራሳቸው ስሜትን ይነካሉ። ወባ ይዞት ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው «የአእምሮ መድኃኒት እወስዳለሁ» ለማለት ያፍራል። ይህች እፍረት ብዙ ታስከፍላለች።

ሦስተኛው ጫት ነው፤ በዚህ ጉዳይ መሸፋፈን አይጠቅምም። ስለ ሸሪዓ ፍርዱ ዑለማዎች የተናገሩትን አንባቢ ያውቃል፤ እኔ እዚህ የማነሳው ሕመሙን ነው። ምርቃናው ለሰዓታት ሰውን ያነሳዋል፤ ሲወርድ ግን ከተነሳበት በታች አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ ያልፋል፤ ከዚያ ዱካኩ ይመጣል። ፈጅር ያልፋል፤ ቀኑ በመነጫነጭ ይጀመራል። በድባቴ ለተያዘ ሰው እንቅልፍ ማጣት እሳት ላይ ጭድ እንደመጨመር ነው። ቀን በጫት አንስቶ ማታ በክኒን ለማስተኛት መሞከር መድኃኒቱን ያለ ዕድል ማስቀረት ነው። የሚቅም ሰው መቃሙን ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙ ሊወቅሰው ሳይሆን መድኃኒቱን በዚያ መሠረት ሊያስተካክልለት ይጠይቀዋል።

ቡናስ? በቡና አገር ቡናን መክሰስ ድፍረት ነው፤ ግን መባል አለበት። ካፌይን ከጠጡት ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ ግማሹ ገና በሰውነት ውስጥ ነው። ከመግሪብ በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የጨረሰ ሰው «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ቢል የሚገርም አይደለም። ከቡና ቅጠል የሚፈላውም ካፌይን አለበት። ቡናውን ተዉ አላልኩም። የቡና ሥርዓቱ ራሱ ሰው ከሰው የሚገናኝበት ስለሆነ ለበሽተኛው መድኃኒት ነው። ከዐስር በፊት ይሁን ነው ያልኩት።

አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነው። ድባቴ መስሎ የጀመረው ሕመም በሌላ ጊዜ ከመጠን ያለፈ ደስታ፣ ያለ እንቅልፍ መንቀሳቀስ፣ ገንዘብ መበተን፣ መለፍለፍ ያለበት ከሆነ ሕመሙ ሁለት ገጽ ያለው ነው፤ ሐኪሞች ባይፖላር ይሉታል። ለዚህ ሕመም ፀረ ድባቴ ክኒን ብቻውን አይበቃም፤ ሊያባብሰውም ይችላል። በሽተኛው ስለዚያ የደስታ ወቅት አይናገርም፤ «ያኔማ ጤነኛ ነበርኩ» ነው የሚለው። የሚያውቁት ባለቤቱና እናቱ ናቸው። ስለዚህ ቀጠሮ ላይ አንድ የቤተሰብ ሰው አብሮ ቢገባ ጥሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕይወት ራሷ አለች። የቡና ዋጋ ይወርዳል፤ ልጅ ይሞታል፤ ትዳር ይፈርሳል፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በጉራፈርዳ እንደታየው ሰው ከገዛ ቤቱና ማሳው ይፈናቀላል። መድኃኒቱ ሐዘንን አያስቀርም። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ምክንያት ሳይገኝ ያገረሻል። ምክንያት ያጣ ሰው ወደ ሲሕር ለመሮጥ ይቸኩላል። ሲሕርና ዓይን መኖራቸውን ማንም ሙስሊም አይክድም። ነገር ግን ምክንያቱ ያልታወቀ ሁሉ ሲሕር ነው የሚል አንድም መረጃ የለም።

ይህን ነገር የኛ ሊቃውንት ድሮ አስበውበታል። በሂጅራ 3ኛው ክፍለ ዘመን በበልኽ የተወለደውና እ.ኤ.አ. በ934 ያረፈው አቡ ዘይድ አል በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተባለው ሥራው ሐዘንን በሁለት ከፍሎታል። አንደኛው ምክንያቱ የሚታወቅ፣ የተወደደ ነገር በማጣት የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ሰውየው ምክንያቱን የማያውቀው፣ መነሻው ከአካል የሆነ ነው። ለሁለተኛው የአካል ሕክምና ያስፈልጋል ብሏል። «ኢማንህን አጠንክር» ብሎ ብቻ አላለፈውም። ሌላም ለጉዳያችን የሚጠቅም ምክር አለው። ጤነኛ ሰው ድንገት ቢያመኝ ብሎ ቤቱ መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ነፍሱ በረጋችበት ጊዜም ለክፉ ቀን የሚሆኑ በጎ ሐሳቦችን ያከማች ይላል። የዛሬ ሐኪሞች «ሲያገረሽ የምትከተለውን ዕቅድ ደህና ሳለህ ጻፍ» የሚሉት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ኢማን ያለው ሰው አይተክዝም የሚለውን አባባል ደግሞ ሱረቱ ዩሱፍ ራሷ ትመልሳለች። የዕቁብ (ዐ.ሰ) ነቢይ ናቸው፤ ከሐዘን ብዛት ዓይናቸው ነጭ ሆኗል። ማንም ኢማናቸውን አይጠራጠርም። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል፤ ታከሙ ብለውም አዘዋል። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ለታመመና ሐዘን ለደረሰበት ሰው ተልቢናን፣ የገብስ አጥሚት በሉት፣ ይመክሩ ነበር። ልብን የሚያሳርፍ መሆኑን ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተዋልና። ዱዓውም፣ ሩቅያውም፣ አጥሚቱም፣ ክኒኑም አብረው ይሄዳሉ። መድኃኒት አስጥሎ ሩቅያ የሚያደርግ ሰው ካጋጠመ ግን ከእሱ መሸሽ ነው፤ በተለይ የሚደበድብና የሚያስር ከሆነ።

ረመዳን ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ትንሽ ልቆይበት። አብዛኞቹ ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች በቀን አንዴ የሚወሰዱ ናቸው። ፍሎክሴቲን ከሰውነት የሚወጣው በጣም በዝግታ፣ በቀናት ስለሆነ ሰዓቱን ወደ ሱሑር ማዛወር አያስቸግርም። አሚትሪፕቲሊን ደግሞ እንቅልፍ ስለሚያመጣ የሚወሰደው ማታ ነው። አፍ ስለሚያደርቅ ግን ቀኑን ሊያከብድ፣ ሱሑርንም ሊያስተኛ ይችላል። ሰርትራሊንም በቀን አንዴ ነው። ሊትየም የሚወስድ ሰው ከሆነ ግን ሳይጠይቅ እንዳይጾም፤ ውኃ ሲያንስ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ተከማችቶ መርዝ ይሆናል። ለውጡ ረመዳን ከመግባቱ በፊት፣ በሻዕባን፣ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት። ጾም ሕመሙን የሚያብስበት ሆኖ ከተገኘ አላህ በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፤ ድባቴም ሕመም ነው። መዳኑ የሚጠበቅ ሰው ቀዷ ያወጣል፤ የማይጠበቅለት ፊድያ ይሰጣል። የራስን ጉዳይ ለሚያውቁ ዓሊም አቅርቦ መጠየቅ ነው።

ታዲያ ማገርሸቱን ያየ ሰው በዚህ ሳምንት ምን ያድርግ? መድኃኒቱን በራሱ አያቁም፤ በራሱም አይጨምር። የጎረቤትን ክኒን አይቅመስ። ቀጠሮው ሁለት ወር ቢቀረውም ቀጠሮ አይጠብቅ፤ ይሂድ። በሚዛን አማን የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፤ ከፍ ያለ ነገር ሲያስፈልግ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል አለ። ከሚዛን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ አማኑኤል መግባት ለብዙው ሰው የመጀመሪያ እርምጃ መሆን የለበትም። «አማኑኤል» የሚለው ስም ራሱ በሕዝብ አፍ ስድብ ሆኖ ስለቆየ ሰው ፈርቶ እቤቱ ይቀራል፤ ድባቴ ግን በአብዛኛው እዚሁ የሚታከም ነው። የጤና መድን ያለው ሰው ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ይዞ ይሂድ። አለበለዚያ በር ላይ ይመለሳል።

ሐኪሙ ዘንድ ያለው አማራጭ አንድ ብቻ አይደለም። መጠኑን ሊጨምር ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚጀምረው በትንሽ መጠን ነውና። ወደ ሌላ መድኃኒት ሊቀይር ይችላል። ሌላ ሊያክልበት ይችላል። በአሜሪካ ወደ 4,000 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያው መድኃኒት ሙሉ በሙሉ ከሕመሙ የወጣው አንድ ሦስተኛው ያህል ነበር። ሌሎቹ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ሙከራ የተሻላቸው አሉ። የመጀመሪያው ክኒን አለመሥራቱ የበሽተኛው ጥፋት አይደለም። አዲሱ መድኃኒት ወይም አዲሱ መጠን ደግሞ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ በአምስተኛው ቀን «ለውጥ የለም» ብሎ መጣል የተለመደ ስህተት ነው። ሲሻልም ወዲያው አይቆምም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሰው ከዳነ በኋላም ለወራት ይቀጥል ይላል። ላገረሸበት ደግሞ ከዚያም ሊረዝም ይችላል።

በዚህ መሃል ያሉት ሳምንታት ናቸው ከባዶቹ። በድባቴ የተያዘ ሰው ጉልበት ሲመጣ እነሳለሁ ብሎ ይጠብቃል። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ይነሳል፣ ጉልበቱ ኋላ ይመጣል። አምስቱ ሰላቶች ቀኑን በአምስት ቦታ የሚይዙ ካስማዎች ናቸው። መስጂድ መድረስ ካቃተው ቤቱ ይስገድ፤ መቆም ካቃተው ተቀምጦ ይስገድ። ሱናው ቀረ ብሎ ራሱን አይውቀስ። አስተማሪ ሳለሁ ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ በዚህ ሕመም ጊዜ የሚይዘው ሥራ አንድ ብቻ ነበር። ከዐስር በኋላ የኮረሪማውንና የእርዱን መደብ ዞሮ ማየት። ሌላው ሁሉ ቢቀር እሷን አይተዋትም ነበር። ለአንዱ የኮረሪማ መደብ ነው፤ ለሌላው ልጅ ከመድረሳ ማምጣት ይሆናል።

ብቻውን መተው ግን የለበትም። በኡጋንዳ፣ በገጠር 30 መንደሮች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ነበር። በድባቴ የተያዙ ሰዎች በሠለጠነ የአካባቢ ሰው መሪነት በየሳምንቱ ለ16 ሳምንታት ተሰብስበው ስለ ሐዘናቸው፣ ስለ ጠባቸው፣ ስለ ሕይወት ለውጣቸው ይነጋገሩ ነበር። ካልተሰበሰቡት ይልቅ በጣም ተሻላቸው፤ ያውም ያለ ክኒን። እኛ እድር አለን፤ ጀመዓ አለን፤ የእህቶች የቁርኣን ሐለቃ አለን። የሠለጠነ ሰው ነው ያጣነው። የመስጂድ ኮሚቴዎች ለጣሪያና ለምንጣፍ ከሚያሰባስቡት ላይ ሁለት ሰው ለማሠልጠን ቢያስቡበት እላለሁ።

ለቤተሰብ ደግሞ። «ምን ጎደለህና ነው?» አትበሉት፤ ያልጎደለው መሆኑን ያውቃል፣ የሚያሳፍረውም እሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያመው መጀመሪያ የቀረው ነገር ምን ነበር? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መንቃት? ስልክ አለማንሳት? ልብስ አለመቀየር? ያንን አስታውሱ፤ ሲያገረሽም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው በር ነው የሚገባው። እሱ ሳያየው እናንተ ታዩታላችሁ።

ስለ ሞት መናገር ከጀመረ፣ ዕዳውን መክፈልና ዕቃውን ማደል ካበዛ፣ «አትቸገሩብኝ» ካለ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ሐሳቡ ስለመጣበት ካፊር ሆንክ አትበሉት፤ ሐሳቡ የሕመሙ ምልክት ነው። በዚያ ሌሊት ብቻውን አይደር። የአረምና የተባይ መድኃኒቱን ከቤት አውጡ። ክኒኑንም ሌላ ሰው ይያዝለትና በየቀኑ የዕለቱን ብቻ ይስጠው፤ በተለይ አሚትሪፕቲሊን በብዛት ከተወሰደ ልብን የሚጎዳ ነው። ሲነጋ ደግሞ ባጃጅ ጠርታችሁ አብራችሁት ሆስፒታል ሂዱ፤ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ የወባውንም ጭምር፣ ከነማሸጊያቸው በፌስታል ይዛችሁ።